የአክስቴ ቀኝ እጅ አዲስ ከርነል

በዚህ ታሪክ አንዲት ቃል ከቀጠፍኩ ምላሴ ይቆረጥ።

የአክስቴ የአስካለች ቀኝ እጅ ሰው ሠራሽ ነው። እንደ ሰፈራችን እጅ ሁሉ የሚሠራው ሊኑክስ በሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት ሲሆን ዘጠኝ ዓመት አንድም ቀን ከድቷት አያውቅም። ብቻ ጥልፍ ላይ ዘገምተኛ ሆነባትና "ለእጅሽ አዲስ ከርነል፣ ሁሉን የሚያዘውን ዋና ፕሮግራም፣ ልጫንልሽ" አልኳት። ትምህርቴ ከስምንተኛ አላለፈም፤ ድፍረቴ ግን ዲግሪ አለው።

"ለነባሩ ሥርዓት ተፈትኖ ከተቀመጠው አውርድ። አሮጌውንም እንዳትነካው፣ ልጄ ልሳኑ" አለችኝ።

"እቴቴ ደግሞ፣ ለማን ነው የምትነግሪው?"

ገና በሙከራ ላይ ካለው ማከማቻ አወረድኩ። አዲሱ ከርነል ከድሮዎቹ ፕሮግራሞች ጋር አልስማማ ሲል፣ እጁ ውስጥ ያለው ማሽን ምንም ሳያስጠነቅቀኝ አንዳንዶቹን አጠፋቸው። አሮጌውን ከርነልም ቦታ ያዘ ብዬ ሰረዝኩት።

እጁ ፈጠነ። የቀሚስ አንገት በአሥር ደቂቃ ጠልፎ ሲጨርስ ጎረቤት ጠርቼ ጉራዬን ነዛሁ።

ምሳ ቀረበ። አክስቴ እንደ ልማዷ ጠቅልላ ወደ አፌ ስትዘረጋ፣ እጁ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቀጥ ብሎ ቆመ። ሦስቴ ሞከረች፤ ሦስቴም እምቢ አለ። በመጨረሻ ዕድሜ ልኳን አጉርሳበት በማታውቀው ግራ እጇ አጎረሰችኝ።

"ይቅርታ ልጄ፣ በግራ ሆነብህ" አለችኝ። ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት።

ከነገርኳችሁ ውስጥ አንዷን ፈጥሬያታለሁ። ማሽኑ አስጠንቅቆኝ ነበር። "ማጉረሻ የሚባለው ፕሮግራም ይወገዳል፤ ልቀጥል?" ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ሳቅሁና "አዎ" አልኩት።