ባዶው ጥግ

አዲሱ አሰልጣኝ የዩኒቨርሲቲውን የቅርጫት ኳስ ቡድን ከተረከበ ወዲህ አራት ጊዜ ገጥሞ አራቱንም ተሸንፏል። ያንገበገበው ግን ሽንፈቱ ብቻ አልነበረም። ልጆቹ ደህና ሲጫወቱ ቆይተው፣ ማንም ወደሌለበት ግራ ጥግ ኳሱን ይወረውሩና በከንቱ ይወጣል። ቢቆጣም ቢለምንም አልተዉም። ከአራተኛው ሽንፈት በኋላ አምበሉን ኪሩቤልን ለብቻው አስቀርቶ፣ "ንቃችሁኝ ነው?" አለው።

ልጁ አንገቱን ደፋ። "አይደለም ኮች። በጋሽ ይርዳው ምክንያት ነው።"

ጋሽ ይርዳው ቡድኑን ሠላሳ ዓመት ያሰለጠኑ፣ የመርሳት በሽታ ይዟቸው ሥራ የተዉ ሽማግሌ ናቸው። አሰልጣኙ ቦታቸውን መውረሱ አሳፍሮት ሊጠይቃቸው እንኳ አልሄደም።

"በጨዋታ ቀን ልጃቸው እያመጣቻቸው ከጥጉ ጀርባ፣ ከተመልካቹ መሃል መጨረሻው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ወደ ጥጉ እየጠቆሙ 'ለሽመል ስጡት' ይሉናል። ካልሰጠን ያለቅሳሉ። ሽመል ማን እንደሆነ ግን አናውቅም።"

አሰልጣኙ ከዚሁ ግቢ ተመርቆ ከወጣ ወዲህ፣ በዚያ ስም የጠራው ሰው አልነበረም።

በአምስተኛው ጨዋታ ኪሩቤል ኳሱን ይዞ ወደ ግራ ጥግ ቀና ሲል፣ አሰልጣኙ ሸሚዙን እንደለበሰ ገብቶ እዚያ ቆሟል። ዳኛው ፊሽካ ነፋ። ኳሱ ግን ደርሶት ነበርና ወደ ቅርጫቱ ወረወረ፤ ሳተ።

ከመጨረሻው ወንበር የደከመ ድምፅ መጣ።

"ሽመል፣ ክርንህን ሰብስብ አላልኩህም?"