የእማማ ዲንቁ የቅንጭብ አጥር

“አንቺ ነሽ የገደልሽው! በረኪና ስትደፊበት በዓይኔ በብረቱ አየሁሽ!”

የሚጮኹት እማማ ዲንቁ ናቸው... ሞያሌ፣ ማንያታ ሰፈር፣ በጠራራ ፀሐይ።

የሚጮኹባት ደግሞ ጆይስ ናት። ከጎናቸው ባለው ፎቅ ተከራይታ የምትኖር ኬንያዊት የልባሽ ጨርቅ ነጋዴ። አማርኛዋን ከገበያ ነው የለቀመችው፤ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም “አንተ” ነው የምትለው።

የያዘችውን ጆግ ዘርግታ አሳየች።

“ማማ... ማጂ! ውሃ ብቻ ነው፣ በእግዜር!”

“ውሃ?! ውሃ ደግሞ ተክል ይገድላል? በዚህ አገር?”

እውነታቸውን እኮ ነው። ውሃ በአህያ ጋሪ እየገዛን የምንጠጣ ሰዎች፣ ውሃ በዝቶበት የሞተ ነገር የት አይተን እናውቃለን?

ቆይ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ...

የእማማ ዲንቁ ባል አባባ ሁቃ የከብት ነጋዴ ነበሩ። ገበያ ሲገቡ ደላላው ሁሉ ብድግ ብሎ ነበር የሚቀበላቸው።

ስትሮክ ጣላቸው። ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፣ ምላሳቸውም ተሳሰረ።

ቤታቸው አንዲት ክፍል የጭቃ ቤት ናት። ውስጥ ቢታጠቡ ወለሉ ይቦካል። ስለዚህ እማማ በየጠዋቱ ግቢ አውጥተው፣ አልጋ ላይ አስተኝተው ያጥቧቸዋል።

ታዲያ አጠገባቸው ፎቅ ተሠራና መስኮቱ ሁሉ ቁልቁል ግቢያቸውን ያይ ጀመር።

ያ ኩሩ ሰውዬ... እርቃናቸውን... በሰው ዓይን ሥር! ታጥበው እስኪጨርሱ ዓይናቸውን ጭፍን ያደርጉ ነበር።

እማማ አንጀታቸው አረረ። “ከሰው ዓይን ሳልሰውርህማ አልሞትም!” አሉና ቅንጭብ ተከሉ። ቅንጭብ ክረምት ከበጋ አረንጓዴ ነው፣ ሲያድግ ደግሞ ግድግዳ ነው።

ግን የፎቁ ጥላ ቀኑን ሙሉ ቦታው ላይ ተኝቷል። ቅንጭቡ ፀሐይ አጥቶ ቀጥኖ፣ ገርጥቶ ቆመ።

እማማ ምን አሉ?

“ጠምቶት ነው!”

ከራሳቸው ጉሮሮ ቀንሰው አጠጡት። ቢጫ ሆነ። ጨመሩለት። ጎንበስ አለ። አሁንም ጨመሩለት... በመጨረሻ ከሥሩ ተገነደሰ።

ጆይስን ከነጆጓ የያዟት ያን ዕለት ነው። ከዚያ በኋላ በመሃላቸው ሰላምታም ቀረ።

ብዙም ሳይቆይ አባባ ሁቃ ትኩሳት ያዛቸውና ሆስፒታል ገቡ። ነርሷ ተቆጣች።

“እማማ፣ ሰውነታቸው ደርቋል፣ ኩላሊታቸው ተጎድቷል። ውሃ አይሰጧቸውም እንዴ?”

“ምን ማለትሽ ነው ልጄ! ኩባያ ሞልቼ አጠገቡ አስቀምጥለታለሁ። ስመለስ ጭልጥ አድርጎት ነው የማገኘው!”

አባባ ደህነኛዋን እጃቸውን አነሱ። በዚያች በተሳሰረች ምላስ...

“ለ... ቅንጭቡ” አሉ።

“ምን?”

“አንቺ... ስትጠሚ... አይሽ ነበር። እኔም... የኔን... ደፋሁለት።”

ወይ ጉድ! ቀን ቀን የሚተኙት እኮ እዚያው ጥላው ውስጥ፣ ከአጥሩ ሥር ነበር...

አባባ ሁቃ በሕይወት ወደ ቤት አልተመለሱም።

እማማ አስከሬኑን ይዘው እንደገቡ በንዴት የተገነደሰውን ቅንጭብ ከነሥሩ ነቀሉት። ሥሩ ጥቁር ብሏል፣ በስብሶ ይሸታል። መሬቱ ጭቃ ነው። ፀሐይ የማያየው መሬት የጠጣውን መቼ ያደርቃል?

ጆይስ እያለቀሰች መጣች።

“ማማ፣ እኔም በየማለዳው አጠጣው ነበር። እንዳልነግርሽ ፈራሁ። ‘አጥርሽን ላጠጣልሽ’ ካልኩሽ፣ ‘ባልሽን ሲታጠብ አያለሁ’ ማለቴ አይደል?”

ሦስት ሰው... ሦስቱም ተደብቀው... በፍቅር አጠጥተው አጠጥተው ገደሉት!

አስከሬኑ እዚያው ግቢ ሊታጠብ ሆነ። ጆይስ ወደ ፎቅ ሮጠች። ለሽያጭ ያስቀመጠቻቸውን አንሶላዎች አውጥታ ከበረንዳው ቁልቁል ለቀቀቻቸው። ሌሎቹም ተከራዮች ረዷት። ግቢው ባንዴ ተጋረደ።

እማማ ዲንቁ ቀና ብለው አዩት።

“ጆይስ... ይሄ አንሶላ ሁቃ በሕይወት እያለም ነበረሽ?”

“ነበረኝ፣ ማማ።”

“ታዲያ ምነው...” አሉና መሬት ላይ ተቀመጡ። የተነሱት ሬሳው ሲወጣ ነው።

ወገኖቼ... “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” ይባላል። ይሉኝታ ሰው ይገድላል! የምትወዱትን ሰው ምን እንደጎደለው ጠይቁት። የጎደላችሁንም አፍ አውጥታችሁ ተናገሩ።

ይህን አንብባችሁ “እውነት ነው” ብላችሁ ነገም ዝም እንደምትሉ አውቃለሁ። ያሳዝናል፣ ግን አውቃለሁ።

እስቲ ሳትዋሹ ንገሩኝ... እናንተ በጆይስ ቦታ ብትሆኑ “አያለሁ፣ ልጋርድላችሁ” ብላችሁ ትናገሩ ነበር? ወይስ እናንተም በዝምታ ታጠጡ ነበር? እታች ጻፉልኝ።