የቴስቷ ልጅ

ለአንድ ክሊኒክ የቀጠሮ ድረ ገጽ እየሠራን ነው። ኮዱን በነካካሁ ቁጥር መሥራቱን የሚፈትሽ ቴስት አስኬዳለሁ፤ ቴስቱ አንዲት ታካሚ ይመዘግባል፣ ቀጠሮ ያሲዝላታል፣ ሲጨርስ ያጠፋታል። በየጊዜው ሰው መፈልሰፍ ስለሚታክተኝ የራሴን ስም፣ የልደት ቀንና አድራሻ ሰጥቻት ተገላግያለሁ። በስንፍናዬ የማስኬደውም እኔ ራሴ በታካሚነት የተመዘገብኩበት እውነተኛው ዳታቤዝ ላይ ነው። እኔንና እሷን የሚለየን ነገር የለም።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ኔትወርክ ተቋረጠና ቴስቱ ሳያጠፋት ቆመ። ፊት ለፊቴ የሚቀመጡትን፣ ጋሽ ሰርቨር የምንላቸውን አለቃችንን ጠራሁ።

"ጋሼ፣ የቴስቷ ልጅ ዳታቤዙ ላይ ቀርታለች። ያጠፉልኛል?"

"ምን ችግር አለ፣ የኔ ልጅ።"

እስከዚያ ቤት ደወልኩ።

"እማዬ፣ ዛሬ ሳላመሽ አልቀርም።"

"ማን ልበል?"

"ልጅሽ ነኛ!"

"ኧረ በሞቴ አትቀልጂ! ልጄማ አሁን ገብታ አጠገቤ ቁጭ ብላለች። ድምፅሽ ግን ቁርጥ የእሷን።"

ከኋላዋ "ማነው እማዬ?" ሲባል ሰማሁ። የገዛ ድምፄ ነው።

"ሁለት ሆነሽ እኮ ነው የምትታዪኝ" አሉ ጋሼ፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ። "የቷ ናት የቴስቷ?"

"ይቆዩ፣ አይንኩ!" ልል አፌን ከፈትኩ።

"በቃ፣ አንዷን አጠፋሁልሽ።"

ቀና ብለው የተቀመጥኩበትን ወንበር አዩ። ከዚያ ወደ በሩ ዞሩ።

"የት ገባች ይቺ ልጅ?"