የኩሲታ እፍኝ ቅጠል

በኮንሶ የሽፈራው ቅጠል መብላት ከተከለከለ ሰባት ዓመት አለፈ። ቅጠሉ ተጨምቆ ማሽላው ላይ ይረጫል፤ ማሽላውም ድርቁን ችሎ ይቆማል። ኩሲታ ግን ሕግ መፍራት ሰልችቷታል። ሕፃን ታቅፋ ጡቷ ለደረቀባት አራስ ሴት ልጇ ከገዛ ዛፏ እፍኝ ቅጠል ሰርቃ፣ ከማሽላ ድብልብል ጋር ቀቀለችላት።

የቅጠል ተቆጣጣሪው ኦርካይዶ ሽታው መርቶት ከች አለ።

«እማማ፣ ድስቱን ያምጡት።»

«አንተም እኮ በዚሁ ቅጠል ነው ያደግከው!»

«ማሽላው ከደረቀ ሁላችንም እናልቃለን።»

«ማሽላውማ አምሮበታል። የከሳው ሕፃኑ ነው።»

ድስቱን ሊያነሳ ሲያጎነብስ አራሷ ቀደመችው። በእጇ ዘግና ጎረሰች፤ እያቃጠላት ዋጠችው።

«በል እንግዲህ፣ እኔን ጨምቀህ እርጭ!»

ኦርካይዶ በድካም ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

«ቶሎ ጨርሺው» አላት፣ ፊቱን ወደ ማሽላው አዙሮ።