ሁለት መቶ አሥራ አራት ደረጃ

ስም አለው፤ ግን ከግድቡ ሠራተኞች አንድም ሰው በስሙ አይጠራውም። «አባ ደረጃ» ነው የሚሉት። ከግድቡ አናት እስከ ግርጌው ሁለት መቶ አሥራ አራት ደረጃ አለ። ያንን ደረጃ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ወርዶ ወጥቶታል።

ሥራው መለካት ነው። የአፈር ግድብ የቱንም ያህል ቢጠቀጠቅ ያልበዋል። ከኋላው ከተኛው ውሃ ጥቂቱ በሆዱ ሰርጎ በግርጌው ይወጣል። ያ ውሃ በትንሽ ቦይ ተሰብስቦ መሀሉ በተቆረጠ ብረት ላይ ያልፋል፤ ከብረቱ አጠገብ ማስመሪያ ተተክሏል። ለኪው ጎንበስ ብሎ ስንት ሴንቲ እንደሆነ፣ ጥርት ያለ ይሁን የደፈረሰ ያያል። ጥቂትና ጥርት ያለ ከሆነ ላብ ነው፣ አያስፈራም። ከበዛና ከደፈረሰ ግን አፈሩን ይዞ እየወጣ ነው፤ ግድቡ ከውስጥ እየተበላ ነው ማለት ነው።

ያየውን በእርሳስ ወረቀት ላይ ይሞላል፤ ቁጥሩን ይጽፍና «ጥርት ያለ» እና «የደፈረሰ» ከሚሉት ሁለት ሳጥኖች በአንዱ ላይ ምልክት ያደርጋል። ቀለም እዚያ እርጥበት ውስጥ አይበረክትም። ዓርብ ዓርብ የሳምንቱን ወረቀት ፖስታ ውስጥ ከትቶ ጠረጴዛው ላይ ይተዋል፤ ሚስቱ ለዋናው መሥሪያ ቤት ሾፌር ትሰጣለች።

ከአራት ወር በፊት ጉልበቱ እምቢ አለ።

ለማንም አልተናገረም። መውረድ ያቃተው ለኪ ይሰናበታል፤ የሚኖሩበት ቤት ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ነው። መጀመሪያ አንድ ቀን ቀረ። ትናንት አራት ነበር፣ ዛሬም ከአራት አያልፍም ብሎ አራት ጻፈ። ሰማይ አልተደረመሰም። በማግስቱም ቀረ። እያደር ዓርብ ጠዋት ቁጭ ብሎ ሰባት ጊዜ አራት፣ ሰባት ጊዜ «ጥርት ያለ» ላይ ምልክት ማድረግ ለመደ።

ጠዋት ጠዋት ግን እንደ ወትሮው ከቤት ይወጣል። ከጄኔሬተሩ ቤት ጓሮ ድንጋይ ላይ ይቀመጥና ይጸልያል።

«ጌታዬ፣ እኔ ባላየው አንተ ታየዋለህ። አራት ላይ አቁምልኝ።»

ውሸት ጽፎ ጸሎት ሲደርብበት አፉን ይመረዋል። ከግድቡ በታች መንደር አለ። በመንደሩ ውስጥ ልጁ የመጀመሪያዋን ወልዳ አራስ ቤት ተኝታለች።

ሚስቱ በየማለዳው እሱ ከወጣ በኋላ ሾርባ በፔርሙስ ይዛ ወደ ልጇ ትወርዳለች። ስትመለስ የቀሚሷ ጠርዝ ጭቃ ነው።

«በዚህ በጋ ጭቃ ከየት አመጣሽ?» አላት አንድ ቀን።

«የሕፃን ጨርቅ አጥቤ ነዋ! አራስ ቤት እኮ ነው የምሄደው፣ ሠርግ ቤት መሰለህ?»

«ጠረጴዛውም ላይ ግራጫ ፍርፋሪ አያለሁ። አይጥ ሳይገባብን አልቀረም።»

«አይጡን ለእኔ ተወው። አንተ ጉልበትህን አሳርፍ።»

ሚስቱ ፊደል አልቆጠረችም። ቁጥር ግን ለስልክ ብላ ከልጇ ተምራለች። የልጇን ስልክ በገዛ እጇ ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጥፋዋለች፤ ስምንትን አንድ ክብ ሠርታ በላዩ ሌላ ክብ ትጭንበታለች። «ድስት በድስት ላይ» እያለ ይስቅባታል።

አንድ ማክሰኞ የግድቡ የታችኛው መውጫ በር ተከፈተ። ዝናብ የለ፣ ጎርፍ የለ፤ የተጠራቀመው ውሃ ግን ይጎድል ጀመር። ሾፌሩ ከመኪናው ሳይወርድ ጮኸ።

«አባ ደረጃ፣ ሰምተዋል? ሰርጎ የሚወጣው በዝቷል አሉ። ዋናው መሐንዲስ ሐሙስ ራሱ ይመጣል። የእርስዎን ወረቀት በሙሉ ከመዝገብ ቤት አስወጥቷል።»

አባ ደረጃ ወደ መኪናው መስኮት ተጠጋ። «በዝቷል ብሎ ማን ነገራቸው?»

«እኔን ይጠይቁኛል? ለኪው እርስዎ!» ሾፌሩ ስቆ ሄደ።

ሁለት ቀን እህል በአፉ አልዞረም። ግድቡ ከውስጥ ሲበላ እሱ አራት እያለ ሲጽፍ ኖሯል። ልጁንና የልጅ ልጁን በገዛ እጁ ከሞት ደጃፍ አስተኝቷቸዋል። ስለ ቤቱ መጨነቁ ቀረ። ጸሎቱም አጠረ። «ጌታዬ፣ እንዳልዋሽ ብቻ አበርታኝ» ሆነ።

ሐሙስ ጠዋት መሐንዲሱ ቤቱ ድረስ መጣ። ሚስቱ እንደ ልማዷ ወርዳለች። መሐንዲሱ ገና ወጣት ነው፤ የወረቀቱን ክምር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«አባቴ፣ ስለ ወረቀቶቹ ነው የመጣሁት።»

ሽማግሌው በታመመው ጉልበቱ ተንበረከከ።

«ልጄ፣ ሳትገልጠው ልናገር። አራት ወር ሙሉ አልወረድኩም። አንዱም አራት እውነት አይደለም፤ እዚሁ ተቀምጬ የሞላሁት ነው። ከፈለግህ አሁኑኑ ለሕግ አሳልፈህ ስጠኝ።»

መሐንዲሱ ደነገጠ። «ይነሡ እንጂ አባቴ! የምን አራት?»

ደግፎ አስነሣውና ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው። አራት ይልና አምስት ይላል። አምስት ይልና ስድስት። የመጨረሻው ሳምንት ስምንት፣ ስምንት፣ ስምንት፤ ምልክቱም «የደፈረሰ» ላይ ነው። ከእያንዳንዱ ቁጥር ሥር በላጲስ የተፋቀ ጥላ ይታያል።

«ውሃውን ያስቀነስኩት በዚህ ነው» አለ መሐንዲሱ። «ትንሽ ብንዘገይ ግድቡም መንደሩም አይኖርም ነበር። የመጣሁት ላመሰግንዎ ነው። እርስዎ ካልወረዱ ታዲያ ማን ወረደ?»

አባ ደረጃ የመጨረሻውን ሳምንት ወረቀት ወደ ራሱ ሳበ። ስምንቶቹን አተኩሮ አየ፤ አንዱ ክብ በሌላው ላይ ተጭኗል።

«ዛሬ ስድስት ነው» አለች ሚስቱ ከበሩ ላይ፣ ቀሚሷ ጭቃ እያንጠባጠበ፤ «ደግሞ ጠርቷል።»