የበግ በር
ወሰንየለሽ ያረጀውን የጋሪ ፈረስ ለተጣሉ ፈረሶች ወደተሠራው አዲስ መጠለያ ስትስበው፣ የበሩ ጉበን የቆሰለ ጀርባውን ላጠው። ፈረሱ ደንብሮ ወደ ኋላ አፈገፈገና በረዶ እየወረደበት ግቢው መሀል ቆመ። ጉበኑ ላይ ደም ቀረ።

«አያ ይታየው፣ ምን ዓይነት የበግ በር ነው የሠሩልኝ?» ብላ ጮኸች።

«በመንዝ ብርድ በር ከፍ አይደረግም» አሉ ግንበኛው ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ። «እኔም ቤቴ የምገባው ጎንበስ ብዬ ነው። ትንሽ ዝቅ ይበል፤ ይለምደዋል።»

ግድግዳው ሥር የተቀመጠውን ዶማቸውን ብድግ አደረገችው።

«ምን ይለምዳል? ዕድሜ ልኩን ጋሪ ሲጎትት አቀርቅሮ የኖረው አይበቃውም? ቤቱ እንኳ ቀና ብሎ ይግባ!»

ግንበኛው ሊከለክሏት እጃቸውን ከመዘርጋታቸው በፊት፣ ጉበኑን ከነደሙ ገነደሰችው።