ከባል የተሰረቀ እንቅልፍ

ትርንጎ ከተኛች ዓመታት አልፈዋል፤ ባሏ አስናቀ ይተኛላታል። ከጆሮ ጀርባ የምትለጠፍ ትንሽ ቁልፍ የአንዱን እንቅልፍ በኔትወርክ ለሌላው ማስተላለፍ ከጀመረች ወዲህ እሷ ሌት ተቀን ትሠራለች፣ እሱ የሁለቱንም ድርሻ ያንኮራፋል። ችግሩ፣ ህልሟንም የሚያየው እሱ ነው።

ጠዋት ፉሉን እየጎረሰ፣ "ማታ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እናትሽ መጥተው ነበር፤ ሰላም ብለውሻል" ይላታል።

"ሌላስ ምን አለች?"

"ረሳሁት" ብሎ ሻዩን ፉት ይላል።

አንድ ቅዳሜ "ለሥራ ሰመራ ልሄድ ነው" ብላ ዋሸችውና አፋር በረሃ ውስጥ፣ ኔትወርክ የማይደርስበት ተራራ ሥር ከመኪና ወረደች። የያዘችው ውሃ በሙቀቱ ሻይ ሆኖባት፣ ጠጠሩ ከእግሯ ሥር እየተንሸራተተባት፣ ብቻዋን ስትወጣ አመሸች። ጫፉ ላይ ስትደርስ አፏ ሳታዝዘው ተከፈተ። አዛጋች! ደስ ብሏት ደግማ አዛጋች፤ ጋቢዋን ተከናንባም ድንጋዩ ላይ ተጋደመች።

በነጋታው ወርዳ አስፋልቱ ጋ እንደደረሰች ስልኳ ጮኸ።

"አንቺ፣ ምን ሆነሽ ነው?" አለ አስናቀ። "የራሴን ተኝቼ ስጨርስ እኩለ ሌሊት ነቃሁ! የማደርገው ባጣ ሰሃኑን ሁሉ አጠብኩ፣ የድስቱን ቂጥ ሳይቀር ፈተግኩ!"

"እሰይ! እኔ ተኝቼ ነበር።"

አስናቀ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እናትሽ መጡ?" አላት።

"መጣች።"

"ምን አሉ?"

ትርንጎ ከት ብላ ሳቀች። "ሌሊቱን ሙሉ ስናወራ አደርን። ለአንተ ግን እንዳልነግር አስምላኛለች።"